የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የቤንጋሊዎች ዘመን መለወጫ

የዚህ ዕትም ዓምድ በአንድ ርእሰ ጉዳይ ላይ ብቻ ያተኩራል። የባንግላዴሽ ሕዝብና በሕንድ የምዕራብ ቤንጋል ግዛት የሚኖሩ ቤንጋሊዎች በየዓመቱ በሚያዝያ ወር መጀመሪያ የሚያከብሩትን «ፖሄላ ቦይሻክ» የተባለ የዘመን መለወጫ በዓል በሚመለከት ከአንባቢያን የደረሱንን ጥያቄዎች ሰብስበን፣ ተመሳሳዮቹን አዋሕደን እንደሚከተለው መልሰናል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታትና ቀናት፣ በሌላ አቆጣጠር መሆናቸው ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ክቡር አዘጋጅ፣ የቤንጋሊዎችን የዘመን አቆጣጠር የመሠረተው የሙጋሉ ንጉሠ ነገሥት አክበር እንደሆነ አንድ ቦታ አነበብሁ፤ ሌላ ቦታ ደግሞ ከአክበር ብዙ መቶ ዓመታት ቀድሞ የነገሠ ሻሻንካ የተባለ ንጉሥ ነው ይላል። የትኛውን ልቀበል? ዓመታቸውስ አሁን በ1430ዎቹ ውስጥ የሆነው ከምን ተነሥተው ቢቆጥሩ ነው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ያነሡት ጉዳይ የቤንጋልን ታሪክ ጸሐፊዎች ለረጅም ጊዜ ሲያከራክር የኖረ ነው። ክርክሩን ለመረዳት አስቀድሞ መለየት የሚገባው ነገር ቢኖር የወሮቹ ሥርዓትና የዓመቱ ቁጥር ከአንድ ምንጭ ያልተቀዱ መሆናቸው ነው።

ወሮቹ ሕንድን ከገዙት ሙስሊም ነገሥታት፣ ከሙጋሎች፣ እጅግ ይቀድማሉ። ከቦይሻክ፣ ከጆይሽቶና ከአሻር ተነሥተው እስከ ቾይትሮ የሚዘልቁት አሥራ ሁለቱ ወሮች ስማቸውን ያገኙት የጥንቶቹ የሕንድ ሥነ ፈለክ ሊቃውንት የጨረቃን መንገድ ከለኩባቸው ከዋክብት ሲሆን፣ ዓመቱ የሚጀምረውም ፀሐይ ወደ ሐመል ኮከብ ክፍል ገባች ተብሎ በሚቆጠርበት ዕለት ነው። የዓመቱ ቁጥር ግን የተያያዘው ከሙስሊሞቹ የሂጅራ አቆጣጠር ጋር ነው። አክበር በ1556 ዙፋን ላይ ሲወጣ የሂጅራው ዘመን 963 ነበር። ቤንጋል ደግሞ የመጨረሻው የአፍጋን ሱልጣን ዳውድ ካን ካራኒ በ1576 ድል ከተመታ በኋላ ወደ ሙጋሎች ግዛት ተጠቃለለች። ሙጋሎች የመንግሥታቸውን ሒሳብ የያዙት በሂጅራ ነበር፤ የሂጅራ ዓመት ደግሞ በጨረቃ ስለሚቆጠር 354 ቀን ገደማ ብቻ ነው። ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን ያህል ስለሚያንስ፣ የግብር መክፈያው ቀን በየዓመቱ ወደ ኋላ እየተንሸራተተ በሠላሳ ሦስት ዓመት ገደማ ውስጥ ወቅቶችን ሁሉ ይዞራል። ገበሬው እህሉ ገና በማሳ ላይ ሳለ ግብር የሚጠየቅበት ዘመን የግድ ይመጣል ማለት ነው።

ይህን ለማስተካከል አክበር ፋትሑላህ ሺራዚ የተባለውን የሥነ ፈለክ ሊቅ ሥራ ላይ አሰማርቶ፣ በ1584 በፀሐይ የሚሄድ አዲስ አቆጣጠር አወጀ፤ መነሻውንም ወደ ኋላ መልሶ ከራሱ ንግሥና ዓመት፣ ከ1556 አደረገው። በቤንጋል አቆጣጠርም 963 እንደ መነሻ ተይዞ ከዚያ ወዲህ ያሉት ዓመታት በፀሐይ ተቆጠሩ። ስሌቱን ራስዎ ሊፈትኑት ይችላሉ፤ ከ1556 እስከ 2025 ያሉት 469 ዓመታት በ963 ላይ ሲደመሩ 1432 ይሆናሉ፤ በኤፕሪል 2025 የገባው የቤንጋሊ ዓመትም 1432 ነው። በዚያው ወር የሂጅራው ዘመን 1446 ላይ ነበር። በሁለቱ መካከል ያለው የ14 ዓመት ልዩነት ባለፉት አራት ክፍለ ዘመናት ተኩል ውስጥ አጭሩ የጨረቃ ዓመት እየፈጠነ የሄደበትን ርቀት ያሳያል።

የሻሻንካ ደጋፊዎች ደግሞ የቤንጋሊውን ዘመን ወደ ኋላ ቆጥረው ሲደርሱ መነሻው 593 ወይም 594 ላይ ያርፋል ይላሉ፤ ያም የቤንጋል ጥንታዊ መንግሥት የጋውዳ ንጉሥ ሻሻንካ ከኖረበት ዘመን ጋር ይቀራረባል። ሐሳቡ የሚማርክ ቢሆንም አንድ ብርቱ መሰናክል አለበት። ለሻሻንካ ይገብር የነበረ አንድ ገዥ በጋንጃም በተገኘው የመዳብ ሰሌዳ ላይ ዘመኑን ያሰፈረው በጉፕታ ነገሥታት አቆጣጠር 300 ብሎ ነው፤ ይህም 619 መሆኑ ነው። ንጉሡ የራሱን ዘመን መሥርቶ ቢሆን ኖሮ ከእርሱ በታች ያለ ገዥ በሌላ መንግሥት ዘመን መቁጠሩ እንግዳ ነገር ይሆናል። ከ1494 እስከ 1519 ቤንጋልን የገዛውን ሱልጣን አላኡዲን ሁሴን ሻህን መሥራች የሚያደርጉም አሉ።

የአክበር ወገንም ቢሆን ጥያቄ አያጣውም፤ በ1584 የታወጀው አቆጣጠር የወሮቹ ስም የፋርስ ነበር፣ የሚጀምረውም ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት በማርች እንጂ በቦይሻክ አልነበረም። በዚህ ዓምድ አዘጋጅ አስተያየት ሚዛን የሚደፋው እንዲህ የሚለው ነው፦ ወሮቹ የቤንጋል ገበሬ ሲዘራባቸውና ሲያጭድባቸው የኖሩ ጥንታውያን ወሮች ናቸው፤ የሙጋሎች የግብር ሹማምንት ደግሞ የሂጅራውን ቁጥር አምጥተው በላያቸው አሳረፉበት። አንድ ንጉሥ በአንድ ቀን የፈጠረው ዘመን ነው ማለት ግን የገበሬውን ድርሻ መካድ ይሆናል።

ጥያቄ፦ የባንግላዴሽ ተወላጅ የሆነ የሥራ ባልደረባዬ በዓሉን ኤፕሪል 14 ሲያከብር፣ ከምዕራብ ቤንጋሏ ከተማ ከኮልካታ የመጣው ሌላው ባልደረባችን በማግስቱ ያከብራል። ቋንቋቸው አንድ፣ የወሮቻቸው ስም አንድ ሆኖ ሳለ ስለምን በቀን ይለያያሉ? በእኛ አቆጣጠርስ የሚውለው መቼ ነው?

መልስ፦ ልዩነቱ የተፈጠረው በሃያኛው ክፍለ ዘመን ነው። በምዕራብ ቤንጋል፣ በትሪፑራና በአሳም የባራክ ሸለቆ የሚኖሩ ቤንጋሊዎች ዛሬም የሚመሩት «ፓንጂካ» በሚባለው ባህላዊ የዘመን መጽሐፍ ሲሆን፣ እርሱም የፀሐይን ጉዞ ከከዋክብት አንጻር ይለካል። ፀሐይ በአንድ የኮከብ ክፍል ውስጥ የምትቆይበት ጊዜ እኩል ስላልሆነ ወሮቹ ከ29 እስከ 32 ቀን ይደርሳሉ፤ የአዲሱ ዓመት መግቢያም አብዛኛውን ጊዜ ኤፕሪል 15፣ አንዳንዴም 14 ይውላል።

በባንግላዴሽ ዋና ከተማ በዳካ የሚገኘው ባንግላ አካዳሚ ግን በታላቁ የቋንቋ ሊቅ በሙሐመድ ሻሂዱላህ ሰብሳቢነት ያቋቋመው ኮሚቴ በ1966 የወሮቹን ርዝመት የሚወስን ሐሳብ አቀረበ፤ የመጀመሪያዎቹ አምስት ወሮች 31 ቀን፣ የቀሩት ሰባቱ 30 ቀን እንዲሆኑና በአራት ዓመት አንዴ አንድ ቀን እንዲጨመር የሚል ነበር። የባንግላዴሽ መንግሥት ሥርዓቱን በ1987 በይፋ ተቀበለው፤ ከዚያ ወዲህ በዚያች አገር አዲሱ ዓመት ከኤፕሪል 14 ፈቀቅ ብሎ አያውቅም።

በ2019 ደግሞ ሌላ ማስተካከያ ተደረገ፤ ምክንያቱም ልብ የሚነካ ነው። በ1952 ተማሪዎች የቤንጋሊ ቋንቋ የመንግሥት ቋንቋ እንዲሆን ጠይቀው በዳካ አደባባይ በጥይት የወደቁበት ፌብሩዋሪ 21፣ በዚያን ዓመት በቤንጋሊ አቆጣጠር ፋልጉን 8 ነበር፤ በተሻሻለው አቆጣጠር ግን ዕለቱ ወደ ፋልጉን 9 ተዛወረ። ስለ ቋንቋቸው የሞቱ ሰዎች መታሰቢያ በዚያው ቋንቋ አቆጣጠር ቀኑን ሲስት ማየት ለብዙዎች የሚዋጥ አልነበረም። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ስድስት ወሮች 31 ቀን፣ ፋልጉን 29 ቀን፣ የቀሩት አምስቱ 30 ቀን እንዲሆኑ ተወሰነ፤ በአራት ዓመት አንዴ ፋልጉን 30 ይሆናል። በዚህም ፌብሩዋሪ 21 ወደ ፋልጉን 8 ተመለሰ፤ የ1971ዱ የነጻነት ጦርነት የድል ቀን ዲሴምበር 16ም በፖውሽ 1 ላይ ጸና።

ሁለቱ አቆጣጠሮች መለያየታቸው በሌሎች በዓላትም ይታያል። የባለቅኔው የራቢንድራናት ታጎር ልደት በሁለቱም ወገን ቦይሻክ 25 ቀን ይከበራል፤ ዕለቱ ግን በዳካ ሜይ 8፣ በኮልካታ ብዙውን ጊዜ ሜይ 9 ነው። የከዋክብቱ ዓመት ከአውሮፓው ዓመት በጥቂት ደቂቃዎች ስለሚረዝም በ60 ዓመት ገደማ የአንድ ቀን ልዩነት ይከማቻል፤ ስለዚህ የኮልካታው በዓል ከዳካው በጣም በዝግታ እየራቀ ይሄዳል።

ወደ እኛ አቆጣጠር ስንመጣ የባንግላዴሹ ፖሄላ ቦይሻክ ዘወትር ሚያዝያ 6 ቀን ይውላል። ጳጉሜን ስድስት በምትሆንበት ዓመት የሚፈጠረው የአንድ ቀን መዛነፍ በአውሮፓውያኑ ፌብሩዋሪ 29 ስለሚቃና፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሚያዝያ አይነካም። በዚያው ሰሞን የፑንጃብ ሲክዎች፣ ታሚሎች፣ የኬራላና የአሳም ሰዎች፣ እንዲሁም ስሪላንካና ታይላንድ የየራሳቸውን አዲስ ዓመት ማክበራቸውም በአጋጣሚ የሆነ አይደለም፤ ሁሉም የሚጠብቁት ያንኑ የፀሐይ ወደ ሐመል መግባት ነውና።

ጥያቄ፦ እኔ ነጋዴ ነኝ። ቤንጋሊ ነጋዴዎች በአዲስ ዓመታቸው ቀን የዱቤ መዝገባቸውን እንደሚዘጉና ደንበኛን ጣፋጭ እንደሚጋብዙ ሰምቼ ተደነቅሁ። ሥርዓቱ ከየት የመጣ ነው? አሁንስ አለ?

መልስ፦ የጠየቁት ልማድ «ሃል ካታ» ይባላል። ፖሄላ ቦይሻክ ከሒሳብ የተወለደ በዓል መሆኑን ከሌላው ሁሉ ይልቅ የሚመሰክረው ይኸው ነው፤ ስለዚህ ሰፋ አድርገን እንመልስልዎታለን።

በሙጋሎችና ከዚያ በኋላ በመጡት፣ ናዋብ በሚባሉት የቤንጋል ገዥዎች ዘመን፣ ገበሬው የዓመቱን ግብር አጠናቅቆ መክፈል የነበረበት እስከ ቾይትሮ የመጨረሻ ቀን ድረስ ነበር። በማግስቱ፣ ማለትም በቦይሻክ 1፣ ባለርስቱ ጭሰኞቹን ተቀብሎ ጣፋጭና የመቃሚያ ቅጠል ያቀርብላቸዋል፤ የአዲሱ ዓመት የግብር መዝገብም በዚያ ግብዣ ይከፈታል። ይህ ግብርን በበዓል መልክ የመቀበል ሥርዓት «ፑንያሆ» ይባል ነበር። በአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ቤንጋልን ያስተዳደረው ናዋብ ሙርሺድ ቁሊ ካን እንዳስፋፋው ይነገራል። ከግብዣው በስተጀርባ የነበረውን ሸክም ግን መዘንጋት አይገባም፤ ለብዙ ጭሰኛ የቾይትሮ ማብቂያ ከአራጣ አበዳሪ ደጃፍ የሚቆምበት፣ ከብቱን የሚሸጥበት ሰሞን ነበር። የምሥራቅ ቤንጋል የመሬት ሕግ በ1950 ወጥቶ የባለርስትነት ሥርዓት ሲሻር ፑንያሆም አብሮ ቀረ።

የነጋዴው ሥርዓት ግን ቀጠለ። ከበዓሉ በፊት በነበሩት ቀናት ሱቁ ይታጠባል፣ ይቀባል፤ በቀይ ጨርቅ የተለበጠ ረጅም አዲስ መዝገብ ይገዛል፤ ለደንበኞችም የጥሪ ካርድ ይላካል። በኮልካታ የሂንዱ ነጋዴዎች ሌሊቱ ሳይነጋ መዝገቡን ይዘው ወደ ካሊጋት ወይም ወደ ዳክሺነሽዋር ቤተ መቅደስ ሄደው ይሰለፋሉ፤ የብልጽግና አምላክ የምትባለውን ላክሽሚንና መሰናክልን ያስወግዳል የሚባለውን ጋኔሻን ለምነው የመጀመሪያውን ገጽ በቀይ ምልክት ያስባርካሉ። ሙስሊሙ ነጋዴ ደግሞ መዝገቡን በቢስሚላህ ይከፍታል፤ ዱዓ የሚያስደርግም አለ። ከዚያ ቀጥሎ ያለው በሁለቱም ዘንድ አንድ ነው። ደንበኛው ይመጣል፣ ጣፋጭ ይቀርብለታል፣ ካለበት የዱቤ ዕዳ የቻለውን ይከፍላል፣ ቀሪው ካለ ወደ አዲሱ መዝገብ ይዞርለታል። ዕዳ የሌለበት ደንበኛም ቢሆን ትንሽ ገንዘብ ቅድሚያ ሰጥቶ ስሙን በመጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ ማስጻፍን እንደ መልካም ምኞት ይቆጥረዋል።

ልብ ይበሉ፣ በዚያን ዕለት አበዳሪው ዕዳውን የሚጠይቀው በጩኸት ሳይሆን በግብዣ ነው፤ ተበዳሪውም ሳይከፍል ጣፋጩን በልቶ መውጣት ያሳፍረዋል። ጽሑፍ በማያውቁ ሰዎች መካከል እንኳ ንግድን ለብዙ መቶ ዓመታት ያቆመ መተማመን ነው፤ ለእንደ እርስዎ ላለ የዱቤን ጠባይ ለሚያውቅ ሰው ጥበቡ አይሰወርም።

ልማዱ ዛሬም አለ፤ ነገር ግን ሳስቷል። በድሮዋ ዳካ በታንቲ ባዛርና በሻንካሪ ባዛር የሚገኙ የወርቅና የጌጣጌጥ ነጋዴዎች፣ የኢስላምፑር ጨርቅ ነጋዴዎችም አጥብቀው ይዘውታል። በሌላው ስፍራ ኮምፒውተርና በስልክ የሚከፈል ገንዘብ ቀዩን መዝገብ ከጠረጴዛው እያነሡት ነው። በኮልካታ በበኩሉ የቾይትሮ ወር የታላቅ ቅናሽ ሰሞን ሆኗል፤ ነጋዴው ያደረ ዕቃውን ለማራገፍ፣ ሸማቹም የበዓል ልብሱን በርካሽ ለመግዛት ይጋፋሉ።

ጥያቄ፦ ቤንጋሊ ጎረቤቶቻችን ለበዓሉ ጋብዘውናል። ቤተሰባችን ሃይማኖቱን አጥባቂ ስለሆነ በዓሉ የሃይማኖት ሥርዓት ያለበት እንደሆነ አስቀድመን ማወቅ እንፈልጋለን። አንዳንዶች የሂንዱ ነው ይላሉ፤ አንዳንዶች ደግሞ ከሙስሊም ንጉሥ የመጣ ነው ይላሉ።

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ጥንቃቄዎ ተገቢ ነው። አጭሩ መልስ፣ ፖሄላ ቦይሻክ በመሠረቱ የየትኛውም ሃይማኖት በዓል አይደለም፤ የሚያከብረው ሰው ግን የራሱን እምነት ይዞ ስለሚመጣ በአንዳንድ ስፍራ ሃይማኖታዊ ሥርዓት ተያይዞበት ይገኛል። ከላይ የገለጽነው የኮልካታ ነጋዴዎች የቤተ መቅደስ ጸሎት አንዱ ነው። ከዋዜማው ጋር የተያያዘው፣ ለሺቫ የሚደረገው የቻራክ ሥርዓትም እንዲሁ የሂንዱዎች ነው። በባንግላዴሽ ግን የዕለቱ ዋና መልክ መዝሙር፣ ሰልፍ፣ ባዛርና የቤተሰብ ግብዣ ነው፤ አብላጫው አክባሪም ሙስሊም ነው።

በዓሉ ይህን መልክ የያዘው በትግል ነው፤ ታሪኩ መነገር ይገባዋል። ሕንድ በ1947 ስትከፈል የቤንጋል ምሥራቃዊ ክፍል የፓኪስታን አካል ሆነ። የፓኪስታን ገዥዎች የቤንጋሊን ቋንቋና ባህል በጥርጣሬ ይመለከቱት ነበር፤ በተለይም የታጎርን ሥራዎች ሂንዱ ስለሆነ ለሙስሊም ሕዝብ አይገቡም የሚሉ ባለሥልጣናት ነበሩ። በ1961፣ የታጎር መቶኛ ዓመት በሚታሰብበት ወቅት፣ በዳካ «ቻያኖት» የተባለ የሙዚቃና የባህል ማኅበር ተመሠረተ። ማኅበሩ በ1967 የቦይሻክን መግቢያ በዳካ ራምና መናፈሻ፣ በአንድ ትልቅ ዛፍ ሥር፣ ፀሐይ ስትወጣ በመዝሙር ተቀበለ። በዚያው ዓመት በጁን ወር የማስታወቂያ ሚኒስትሩ የታጎር መዝሙሮች በመንግሥት ሬዲዮ እንዳይሰሙ እገዳ ማወጃቸው የራምናውን ንጋት የእምቢታ ምልክት አደረገው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነጻ የወጣችው ባንግላዴሽ ብሔራዊ መዝሙሯን የመረጠችው ከዚሁ ባለቅኔ ነው።

በ1971 የነጻነቱ ጦርነት እየተካሄደ ስለነበር የራምናው መዝሙር አልተሰማም። በኤፕሪል 14 ቀን 2001 ደግሞ በዚያ በተሰበሰበው ሕዝብ መካከል ቦምብ ፈንድቶ አሥር ሰዎች ሞቱ። በቀጣዩ ዓመት ዘማሪዎቹ ወደዚያው ዛፍ ሥር ተመለሱ፤ ሕዝቡም መጣ። የዚህ ዓምድ አዘጋጅ ስለ ፖሄላ ቦይሻክ ካነበበው ሁሉ ይህን የመሰለ ክብር የሚገባው ድርጊት አላገኘም።

ሌላው የዕለቱ ታላቅ ትርኢት ሰልፉ ነው። በ1985 በጄሶር ከተማ የተጀመረውን አርአያ በመከተል፣ የዳካ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ፋኩልቲ መምህራንና ተማሪዎች በ1989፣ የጄኔራል ኤርሻድ ወታደራዊ አገዛዝ ባልተወገደበት ጊዜ፣ በወረቀትና በቀርከሃ የተሠሩ ግዙፍ ነብሮች፣ ዝሆኖች፣ ወፎችና ጭምብሎች ይዘው ወጡ። ስሙ በመጀመሪያ የደስታ ሰልፍ ነበር፤ በ1996 «ሞንጎል ሾባጃትራ» ተባለ። ዩኔስኮ በ2016 በሰው ልጅ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ያሰፈረውም በዚህ ስም ነው። የእንስሳቱን ምስልና የሰልፉን ስም ከሂንዱ ልማድ ጋር የሚያያይዙ እስላማዊ ቡድኖች ለዓመታት ተቃውሞ ሲያቀርቡ ቆይተዋል፤ በ2025 አዘጋጆቹ ወደ ቀድሞው የደስታ ሰልፍ ስያሜ ተመልሰዋል። ስለ ስሙ የሚደረገው ክርክር እንደቀጠለ ቢሆንም፣ የሰልፉ ምስሎች የተቀዱት ከገጠር የሸክላና የእንጨት መጫወቻዎች መሆኑን ያየ ሰው ከአምልኮ ይልቅ የዕደ ጥበብ ቅርስ ሆነው ያገኛቸዋል።

ስለዚህ ጎረቤቶችዎ የጋበዙዎት ለማዕድና ለመዝሙር ከሆነ ሳይሰጉ ይሂዱ። በግብዣው ላይ ጸሎት ይኖር እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅም ነውር የለበትም፤ ቤንጋሊዎች ይህን ልዩነት በየቤታቸው የለመዱት ነው።

ጥያቄ፦ የበዓሉ ባህላዊ ምግብ ውኃ ውስጥ ያደረ ሩዝ ከዓሣ ጋር ነው ሲባል ሰማን። ለታላቅ በዓል ያደረ ምግብ መብላት ምን ማለት ነው?

መልስ፦ ያደረው ሩዝ «ፓንታ ባት» ይባላል። ማታ የተረፈ ሩዝ ውኃ ተሞልቶበት ያድርና ጠዋት በትንሹ ኮምጠጥ ብሎ ይገኛል፤ በጨው፣ በሽንኩርት፣ በአረንጓዴ ቃሪያ ወይም በተጠበሰ በርበሬ፣ አንዳንዴም በተፈጨ ድንችና በደረቅ ዓሣ ይበላል። በሞቃታማው ቦይሻክ ጎሕ ሲቀድ ወደ ማሳ ለሚወጣ ገበሬ፣ ሆድን የሚያቀዘቅዝና ማገዶ የማያስፈጅ ቁርስ ነበር። ለበዓል ብሎ የሚያሳድረው አልነበረም፤ የዘወትር ምግቡ ነበር።

ከኢሊሽ ዓሣ ጋር አጣምሮ ለአዲስ ዓመት ማቅረብ ግን በ1980ዎቹ በራምና አካባቢ በዳካ ከተሜዎች ዘንድ የተጀመረ ነው። ኢሊሽ ውድ ዓሣ ነው፤ ፓንታ ይበላ የነበረው ገበሬ በዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚቀምሰው መገመት አያዳግትም። ችግሩ ግን ከዚህም ይከፋል። ከኖቬምበር 1 እስከ ጁን 30 ያላደጉ የኢሊሽ ጫጩቶችን ማጥመድ በባንግላዴሽ በሕግ የተከለከለ ሲሆን፣ በማርችና በኤፕሪል ደግሞ ዓሣው በሚጠበቅባቸው የወንዝ ክፍሎች ጨርሶ ማጥመድ አይፈቀድም። በዓሉ የሚውለው በዚሁ መካከል ስለሆነ የገበያው ፍላጎት የዓሣውን ዘር ይጎዳል። በ2016 የወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሼክ ሃሲና ለበዓሉ ኢሊሽ እንደማይበሉ አስታውቀው ሕዝቡም እንዲተው አሳስበው ነበር። እኛም ከዚህ ሐሳብ ጋር እንስማማለን፤ ፓንታ በቃሪያና በተፈጨ ድንች ብቻውን ሙሉ ነው፤ ለጥንቱ ልማድም የሚቀርበው ይኸኛው ነው።

በምዕራብ ቤንጋል ገበታው ሌላ ነው፤ በዘይት የተጠበሰ ነጭ ቂጣ፣ ዓሣ፣ የፍየል ሥጋና ልዩ ልዩ የወተት ጣፋጮች ይቀርባሉ። በዋዜማው፣ በቾይትሮ ማብቂያ ዕለት፣ መራራ ቅጠላ ቅጠሎችን መብላትም በብዙ ቤት የተለመደ ነው።

ጥያቄ፦ ከዳካና ከኮልካታ ውጭ በዓሉ እንዴት ይከበራል?

መልስ፦ በገጠር የበዓሉ ልብ ባዛሩ ነው። ሸክላ ሠሪው፣ የቀርከሃ ባለሙያውና ጣፋጭ ሻጩ ምርታቸውን ያወጣሉ፤ አሻንጉሊት አጫዋቾችና ባውል የሚባሉ ተጓዥ የሕዝብ ዘማሪዎች ይመጣሉ። በወደቧ ከተማ በቺታጎንግ ደግሞ አብዱል ጃባር የተባሉ ነጋዴ ወጣቶችን ለቅኝ ገዥዎች መቋቋሚያ ለማጠንከር በ1909 የጀመሩት የትግል ውድድር እስከ ዛሬ በላልዲጊ ሜዳ በቦይሻክ 12 ይካሄዳል፤ በዙሪያው የሚቆመው ገበያም መንደሮችን ሁሉ ይስባል።

በቺታጎንግ ተራራማ አካባቢዎች የሚኖሩ ቤንጋሊ ያልሆኑ ሕዝቦች በዚያው ሰሞን የራሳቸውን አዲስ ዓመት ያከብራሉ። ቻክማዎች ቢጁ በሚሉት በዓል የመጀመሪያ ቀን አበባ ወደ ወንዝ ይለቃሉ፤ በሁለተኛው ቀን ብዙ ዓይነት አትክልት አንድ ላይ ቀቅለው ለመጣው እንግዳ ሁሉ ያቀርባሉ። የማርማ ወጣቶች በሳንግራይ ውኃ ይረጫጫሉ፤ ትሪፑራዎችም ቦይሱ የሚሉት በዓል አላቸው። እነዚህን የቤንጋሊው በዓል ቅርንጫፎች አድርጎ ማቅረብ ስሕተት ነው።

ጥያቄ፦ ለቤንጋሊ ወዳጄ እንኳን አደረሰህ ለማለት ምን ልበል? በደብዳቤ ላይ ዓመቱን በትክክል ለመጻፍስ እንዴት ላስላ?

መልስ፦ «ሹቦ ኖቦቦርሾ» ይበሉት፤ በሁለቱም አገር ያገለግላል። ሴቶች ቀይ ጠርዝ ያለው ነጭ ሳሪ፣ ወንዶች ረጅም ሸሚዝ መልበስ ስለሚወዱ፣ ስጦታ ካሰቡ ቀይና ነጭ አያሳስትዎትም። ለዓመቱ ስሌት ከኤፕሪል 14 ጀምሮ እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ባለው ጊዜ ከአውሮፓው ዓመት 593 ይቀንሱ፤ ከጃንዋሪ 1 እስከ ኤፕሪል 13 ባለው ደግሞ 594። ወዳጅዎ የኮልካታ ሰው ከሆነ ግን ኤፕሪል 14ን በአሮጌው ዓመት ውስጥ ሊቆጥረው ስለሚችል፣ ደብዳቤዎን ኤፕሪል 15 ቢጽፉት ይሻላል።